የአዲሱ መኪናዎ ፓራብሬዛ ለምን ይደበዝዛል? እንዴትስ ይጸዳል?



የዚህ ዓምድ ተከታታይ ከሆኑ ከዚህ ገጽ የሚጠብቁት ስለ ቤቴዌ፣ ስለ መኖሪያ ፈቃድ ወይም ስለ ሱቅ ኪራይ ውል እንደሆነ አውቃለሁ። ዛሬ ግን ስለ መስታወት እናወራለን። ሒሳብ ሠራተኛ ስለ መስታወት ምን አገባው እንዳይሉኝ ምክንያቱን ላስረዳ።

ባለፈው የብርድ ወራት አንድ በዕድሜ የሚበልጡኝ የታክሲ ባለቤት የሦስት ወር ደረሰኛቸውን በፌስታል ይዘው ዴንሃግ ወደሚገኘው ቢሮዬ መጡ። ሥራችንን ከጨረስን በኋላ፣ «ወንድሜ፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ፤ መነጽር ከግብር ይቀነሳል ወይ?» አሉኝ። የዓይን መነጽር የግል ወጪ ስለሆነ ከንግድ ትርፍ አይቀነስም፤ እንደ ሕክምና ወጪ መቀነሱም ከ2009 ጀምሮ ቀርቷል አልኳቸው። «ምነው ጋሼ፣ ዓይንዎን አመመዎት እንዴ?» ብዬ ብጠይቃቸው ነገሩን አጫወቱኝ።

መኪናቸውን አዲስ ከገዙ ገና ሁለት ወር አልሞላቸውም። ጠዋት በአ13 መንገድ ከዴንሃግ ወደ ሮተርዳም ሲወርዱ ፀሐይዋ ፊት ለፊት ስትመጣ መስታወቱ በሙሉ ወተት የፈሰሰበት ይመስላቸዋል። ማታ ደግሞ የሌላው መኪና መብራት ይበተንባቸዋል። አንድ ቀን ጠዋት ወደ ትምህርት ቤት የምትሄድ ሕፃን ከነብስክሌቷ በድንገት ፊታቸው ድቅን አለች። ፍሬኑን ረግጠው ቆሙ፤ ልጅቷም በሰላም አለፈች። እሳቸው ግን መንገድ ዳር ቆመው እጃቸው መንቀጥቀጡን እስኪተው ጠበቁ። ዓይኔ ደከመ ብለው መነጽር ቤት ቢሄዱ «ዓይንዎ ደህና ነው» ተባሉ።

አብረን ወደ ታች ወረድን። አንድ ነጭ የወረቀት መሐረብ አውጥቼ ፓራብሬዛውን ከውስጥ በኩል በጣቴ ጠቅለል አድርጌ አሸሁት። ወረቀቱ ቅባት ያለው ግራጫ ሆኖ ወጣ፤ የታሸችው ቦታም እንደ መስኮት ተከፈተች። የደከመው ዓይናቸው ሳይሆን መስታወቱ ነበር።

ከዚያ ወዲህ የጠየቅኳቸው ደንበኞች ሁሉ፣ የታክሲም ሆነ የዕቃ ማመላለሻ መኪና ያላቸው፣ «የእኔም እንደዚሁ ነው» ይሉኛል። ስለዚህ ጉዳዩን እንደ አንድ የንግድ ጉዳይ እንየው።

ጉዳዩ ለምን ቀላል አይደለም?

በአገራችን ይህን ያህል ያልተቸገርንበት ምክንያት አለ። አዲስ አበባ ላይ በታኅሣሥ ወር እኩለ ቀን ፀሐይ ከአድማስ ወደ 57 ዲግሪ ከፍ ትላለች። አምስተርዳም ላይ በዚያው ወር እኩለ ቀን ከፍታዋ 14 ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው። ማለትም ፀሐይዋ ቀኑን ሙሉ የምትውለው በሾፌሩ ዓይን ልክ ነው። በአገራችን ሰዓት አቆጣጠር ከጠዋቱ 3 ሰዓት ሊሞላ ሲል ትወጣለች፤ 10 ሰዓት ተኩል ላይ ትጠልቃለች። ይህ ደግሞ ሰው ሁሉ ወደ ሥራና ወደ ትምህርት ቤት የሚሄድበት፣ የሚመለስበትም ሰዓት ነው። ከሰዓት በኋላ ከስኪፖል ተነሥተው በአ4 ወደ ዴንሃግ ሲነዱ ፀሐይዋ የምትጠልቀው በፊትዎ በኩል ነው። ንጹሕ መስታወት ብርሃኑን ያሳልፈዋል፤ ቅባት የለበሰ መስታወት ግን ይበትነዋል። በዚህ ላይ ቅባት ያለበት መስታወት ቶሎ በጉም ይሸፈናል፤ ይህ አገር ደግሞ እርጥበት አይጎድለውም።

ሁለተኛው ምክንያት ሕጉ ነው። በኔዘርላንድ የመንገድ ትራፊክ ሕግ አንቀጽ 185 መሠረት ባለሞተር ተሽከርካሪ እግረኛን ወይም ብስክሌተኛን ቢገጭ፣ ከአቅም በላይ የሆነ ምክንያት ካልተረጋገጠ በስተቀር የመኪናው ባለቤት ተጠያቂ ነው። የተጎዳው ሰው ራሱ ጥፋት ቢኖርበት እንኳ ቢያንስ የጉዳቱን 50 በመቶ፣ ከ14 ዓመት በታች ለሆነ ሕፃን ደግሞ በተግባር 100 በመቶውን የሚሸከመው የባለመኪናው ወገን ነው። «ፀሐይ አሳወረችኝ» ማለት ከዚህ አያወጣም፤ ማየት ያልቻለ ሾፌር ፍጥነቱን መቀነስ ነበረበት ይባላል። ካሳውን ኢንሹራንስ ቢከፍልም ያለ አደጋ በነዱባቸው ዓመታት ያጠራቀሙት ቅናሽ ይወርዳል። ነገሩ ወደ ወንጀል ክስ ከተሻገረ ደግሞ ለታክሲ ሾፌር ካርድ የሚጠየቀው የመልካም ጠባይ ማስረጃ (ፌ ኦ ኼ) ሊከለከል ይችላል፤ የዜግነት ማመልከቻ ላስገባ ሰውም እንቅፋት ይሆናል። ከሁሉም በላይ የሰው ሕይወት አለ። ለዚህ ነው የ20 ዩሮ ጽዳት ትልቅ ጉዳይ የሚሆነው።

ቆሻሻው ከየት መጣ? መኪናው አዲስ አይደለም ወይ?

ነገሩ የሚመጣው በአዲስነቱ ነው። ዓይነቱን መለየት ከመድኃኒቱ ይቀድማል፤ ለአንዱ የሚሆነው ለሌላው አይሆንም።

አንደኛ፣ ከውስጥ የሚወጣው ቅባት። ዳሽቦርዱ፣ የበሩ ሽፋን፣ ሙጫውና ስፖንጁ ሁሉ ፕላስቲክን ለማለስለስ የሚገቡ ቅባት መሰል ነገሮች አሉባቸው። መኪናው ፀሐይ ላይ ሲሞቅ እነዚህ ይተናሉ፤ ቀዝቃዛው መስታወት ላይ ሲደርሱ ደግሞ ይለጠፋሉ። «አዲስ መኪና ይሸታል» የምንለው ሽታ ከዚሁ የሚዛመድ ነው። የመኪና ፋብሪካዎች ነገሩን «ፎጊንግ» ይሉታል፤ የሚለካበት ኢሶ 6452 የተባለ ዓለም አቀፍ መመዘኛም አለው። ስለዚህ የእርስዎ መኪና ብቻ ችግር አይደለም። በመጀመሪያዎቹ ወራት ይበረታል፤ ከዚያ እየቀነሰ ይሄዳል።

ሁለተኛ፣ ከጉዞው የተረፈው። አዲስ መኪና በመርከብና በባቡር ተጭኖ እንደ ቤልጂጉ ዜብሩኽ ባሉ ወደቦች አልፎ ነው ሻጩ ዘንድ የሚደርሰው። በመንገድ ላይ እንዳይጎዳ ቀድሞ በሰም ይቀባ ነበር፤ ዛሬ ብዙውን ጊዜ በሚላጥ ፕላስቲክና በልጥፍ ወረቀት ይሸፈናል። ልጥፉ ሲነሣ ሙጫው ይቀራል። የባቡር ሐዲድና ፍሬን የሚረጨው ደቃቅ ብረትም መስታወቱ ላይ ተጣብቆ ሊመጣ ይችላል።

ሦስተኛ፣ ከመኪና እጥበት የሚመጣ ሰም። አውቶማቲክ እጥበት ውስጥ ውዱን ፕሮግራም ከመረጡ በመጨረሻ የሚረጨው ሰም ለቀለሙ ጥሩ ነው። ፓራብሬዛው ላይ ግን የዝናብ መጥረጊያው እየጎተተ ያስመርረዋል፤ «ግርር፣ ግርር» የሚለው ድምፅ ከዚህ ሊመጣ ይችላል።

አራተኛ፣ ከአካባቢው የሚመጣው። ዴንሃግ ላንገ ፎርሃውት ላይ እንዳሉት ሊንደን ዛፎች ሥር በበጋ ያቆመ ሰው መኪናው ላይ እንደ ማር የሚያጣብቅ ነጠብጣብ ያገኛል። ይህ ከዛፉ ሳይሆን ቅጠሉን የሚመጡ ጥቃቅን ተባዮች የሚያወጡት ጣፋጭ ፈሳሽ ነው። ስኸፈኒንገን ባሕር ዳር ተረኛ ሆኖ የሚቆም ደግሞ ጨው ይለብሳል። በአውራ ጎዳና የሚውል የጎማ፣ የቅጥራንና የናፍጣ ቅባት፣ በበጋም የነፍሳት ቅሪት ይሰበስባል። የታጠበ መኪና ፀሐይ ላይ ሳይጠረግ ከደረቀም የውኃው ኖራ ነጭ ክብ ምልክት ትቶ ይሄዳል።

በዚህ ላይ ወደ ጀርመን ተሳፋሪ የሚያደርሱ ሰዎች የጀርመኑን አረንጓዴ የአካባቢ ጥበቃ ልጥፍ መስታወቱ ላይ ይለጥፋሉ። የእኛው ከተሞች በታርጋ ካሜራ ስለሚቆጣጠሩ ልጥፍ አይጠይቁም። የጀርመኑን በሌላ ቦታ ልለጥፈው ብሎ የላጠው ሰው ግን የሙጫውን ጉድ ያውቀዋል።

ከመንካትዎ በፊት ሦስት ፈተናዎች

የመጀመሪያው የመሐረብ ፈተና ነው። በንጹሕ ነጭ ወረቀት ከውስጥ በኩል ይሹት። ወረቀቱ ከቆሸሸ ጣጣው ከውስጥ ነው።

ሁለተኛው የውኃ ፈተና ነው። ከውጭ በኩል በደንብ ካጠቡ በኋላ ንጹሕ ውኃ ያፍስሱበት። ውኃው እንደ አንሶላ ተዘርግቶ ከወረደ መስታወቱ ንጹሕ ነው። ክብ ክብ ጠብታ እየሆነ ከሸሸ፣ በተለይም እዚህ እዚያ ብቻ ከሆነ፣ ሰም ወይም ሲሊኮን አለበት። ማሳሰቢያ፦ ሻጩ ውኃ የሚያሸሽ ቅብ ሆን ብሎ ቀብቶልዎት ከሆነ ውኃው በሁሉም ቦታ እኩል ይሸሻል፤ ደረሰኝዎን ይመልከቱ።

ሦስተኛው የፌስታል ፈተና ነው። እጅዎን ስስ ፌስታል ውስጥ ከተው በታጠበውና እርጥብ በሆነው መስታወት ላይ በቀስታ ያንሸራትቱ። እንደ አሸዋ ከሻከረዎት የተጣበቀ ብናኝ፣ ሙጫ ወይም ኖራ አለ።

ከውስጥ በኩል ሲጸዳ

መኪናው ጥላ ሥር ይቁም፤ መስታወቱም የቀዘቀዘ ይሁን። ትኩስ መስታወት ላይ ፈሳሹ ሳይሠራ ይተናል፤ መስመርም ይተዋል። በሮቹን ይክፈቱ።

በመጀመሪያ ለብ ባለ ውኃ በራሰና በደንብ በተጨመቀ ማይክሮፋይበር ጨርቅ አቧራውን ያንሡ። ቀጥሎ ኢሶፕሮፓኖል የሚባለውን አልኮል ይያዙ፤ በመድኃኒት ዕቃ መደብርና እንደ ፕራክሲስ ባሉ የግንባታ ዕቃ መደብሮች ያገኙታል። ግማሽ በግማሽ «ደሚ ዋተር» ከሚሉት ኖራ አልባ ውኃ ጋር ይቀላቅሉት። ያ ከሌለ ሆላንዶች መስኮት የሚያጥቡበት ሰማያዊው ስፒሪተስ በውኃ ቀጥኖ ያገለግላል። ፈሳሹን መስታወቱ ላይ አይርጩ፤ ጨርቁን ያርሱ። በመስታወቱና በዳሽቦርዱ መካከል ያለችውን ጠባብ ቦታ አይርሱ፤ ቅባቱ የሚበረታው እዚያ ነው። ጨርቁን በሰሌዳ ወይም በማንኪያ ጀርባ ጠቅልሎ ማስገባት ይቻላል።

ቁም ነገሩ የጨርቁ ብዛት ነው። በአንድ ጨርቅ የሚያጸዳ ሰው ቅባቱን ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው ያዛውራል እንጂ አያስወግደውም። ቢያንስ አራት ጨርቅ ይያዙ፤ ሁለቱ ለማንሣት፣ ሁለቱ ለማድረቅ። ጨርቆቹም ያለ ማለስለሻ የታጠቡ ይሁኑ፤ ማለስለሻው ራሱ ቅባት ነው።

አንድ ጠቃሚ ዘዴ ልንገርዎ። በመጨረሻ ሲያደርቁ ከውስጥ በኩል ወደ ጎን፣ ከውጭ በኩል ከላይ ወደ ታች ይጥረጉ። ከዚያ በኋላ መስመር ቢቀር አቅጣጫውን አይተው በየትኛው በኩል እንዳለ ወዲያው ያውቃሉ። ስንቱ ሰው ከውስጥ ያለውን መስመር ከውጭ ሲያሽ ይውላል መሰለዎት።

ከአንድ ሳምንት በኋላ ይድገሙት፤ ከዚያም በየወሩ። አዲሱ ፕላስቲክ መትነኑን ስላላቆመ ቅባቱ መመለሱ አይቀርም። በዚያ ላይ ዳሽቦርድ የሚያብለጨልጭ ሲሊኮን አይርጩ። እኔ ራሴ መኪናዬ እንዲያምር ብዬ ረጭቼ ለሁለት ሳምንት በጉም ውስጥ ነድቻለሁ። ከአገር ወጥቼ ሒሳብ ስማር ይህን ያስተማረኝ አልነበረም።

ከውጭ በኩል ሲጸዳ

በመጀመሪያ መደበኛ እጥበት፦ ብዙ ውኃና ትንሽ ሳሙና። አሸዋው ሳይወርድ ማሸት መስታወቱን በአሸዋ ወረቀት እንደመሞረድ ነው። ከዚያ በኋላ እንደ ቆሻሻው ዓይነት ይቀጥሉ።

ለልጥፍና ለሙጫ፦ በፀጉር ማድረቂያ ሞቅ አድርገው ልጥፉን ከጥግ በቀስታ ይላጡ። የፈላ ውኃ በቀዝቃዛ መስታወት ላይ አያፍስሱ፤ ይሰነጠቃል። የቀረውን ሙጫ በምግብ ዘይት ቀብተው ሩብ ሰዓት ይተዉት፤ ይለሰልሳል። ካልለቀቀ «ቫስቤንዚነ» የሚባለውን የልብስ ማጽጃ ቤንዚን በጨርቅ ይጠቀሙ። በመጨረሻ ዘይቱን በአልኮል ያንሡ። ያልለቀቀ ደረቅ ሙጫ ካለ የመስታወት መፋቂያ ምላጭ ይሠራል፤ ነገር ግን ምላጩ አዲስ፣ መስታወቱ በሳሙና ውኃ የራሰ፣ ምላጩም ጋደም ያለ መሆን አለበት። ወደ ፊት ብቻ ይግፉ፤ ወደ ኋላ አይመልሱ።

ለሰምና ለቅባት፦ አልኮሉን ሳይቀጥን በጨርቅ። ካልበቃ ለመኪና መስታወት ተብሎ የሚሸጠውን ደቃቅ ማለስለሻ በእርጥብ ስፖንጅ እየዞሩ ያሹ፤ ውኃው እንደ አንሶላ እስኪዘረጋ ድረስ። ከዚያ በኋላ ሲያሳጥቡ ሰም የሌለውን ፕሮግራም ይምረጡ፤ ርካሹም እሱ ነው።

ለኖራ ምልክት፦ «ስኾንማክ አዛይን» የተባለውን የጽዳት አቼቶ። ጨርቅ ነክረው ምልክቱ ላይ 10 ደቂቃ ያስተኙት፤ ከዚያ በብዙ ውኃ ያጥቡ። ቀለሙና ጎማው ላይ እንዲቆይ አይተዉት።

ለዛፍ ማርና ለነፍሳት፦ ለብ ባለ ውኃ የራሰ ፎጣ አልብሰው ጥቂት ይጠብቁ። ሲርስ በራሱ ይለቃል። ቶሎ ከሆነ ውኃ ብቻ ይበቃዋል፤ ፀሐይ ካደረቀው በኋላ ግን ድካም ነው። ሳይቃጠል በቅጠል የተባለው ለዚህም ነው።

ለሚሻክር ብናኝ፦ እንደ ሊጥ የሚለወሰው «ክሌይ» የተባለ ማጽጃ። መስታወቱን በሳሙና ውኃ አርሰው ሳይጫኑ ያንሸራትቱት። መሬት ላይ ከወደቀብዎት ይጣሉት፤ አሸዋ ይዟል።

በመጨረሻ የዝናብ መጥረጊያውን አይርሱ። አልኮል በነካ ጨርቅ ጎማውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ይጥረጉ፤ ጨርቁ ጥቁር መልቀቁን እስኪያቆም ይደጋግሙ። መስታወቱን አጽድቶ ቆሻሻ መጥረጊያ መመለስ ገላን ታጥቦ ያደፈ ልብስ እንደመልበስ ነው።

ፈጽሞ የማይደረጉ

ሌላ ደንበኛዬ፣ የምግብ ሸቀጥ ሱቅ ያለው ወጣት፣ በአዲሱ የዕቃ መኪናው ላይ የቀረውን ሙጫ በድስት ማጠቢያ ሽቦ ፈገፈገው። ሙጫው ለቀቀ። በማግሥቱ ፀሐይ ስትወጣ ግን በሾፌሩ ዓይን ፊት ለፊት የሸረሪት ድር የመሰለ ጭረት ታየ። ጥልቅ ጭረት ከመስታወት ላይ አይጠፋም፤ ለማጥፋት ሲሞረድም መስታወቱ እየተጎደጎደ ዕይታን ያጣምማል። ፓራብሬዛው መቀየር ነበረበት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ እሱ ግን ያፈሰሰውን መልቀም አልቻለም።

ፓራብሬዛ ደግሞ ተራ መስታወት አይደለም። ሁለት መስታወት በመካከሉ ፕላስቲክ ተደርጎ የተጣበቀ ነው። ከ2024 ሐምሌ ወዲህ በአውሮፓ ኅብረት አዲስ የሚሸጥ መኪና ሁሉ በራሱ ፍሬን የሚይዝ፣ መስመር የሚጠብቅና የፍጥነት ገደብ የሚያሳስብ መሣሪያ እንዲኖረው ሕግ ያስገድዳል። የእነዚህ ካሜራ በአብዛኛው የሚያየው በፓራብሬዛው በኩል ነው። መስታወቱ ሲቀየር ካሜራው እንደገና መስተካከል አለበት፤ ሒሳቡም በዚያው ልክ ይጨምራል። መስታወቱ ሲቆሽሽም የሚታወረው ሾፌሩ ብቻ አይደለም ማለት ነው።

ስለዚህ፦

የድስት ሽቦ፣ አረንጓዴው ሻካራ ስፖንጅና የማድ ቤት መፈግፈጊያ ዱቄት ፓራብሬዛ አጠገብ አይድረሱ።

ምላጭ የሚፈቀደው ለፓራብሬዛው ውጭ ብቻ ነው። የኋላው መስታወት ውስጥ ያሉት የማሞቂያ መስመሮች ላይ ላዩን የተለጠፉ ስለሆኑ በአንድ ጊዜ ፍቀት ይበጠሳሉ። በፓራብሬዛው ጠርዝ ያለውን ጥቁር ነጠብጣብም አይፋቁ።

የካሜራውንና የዝናብ መለያውን ሽፋን አይክፈቱ፤ በዙሪያው ፈሳሽ አይርጩ።

በፕላስቲክ የጠቆረ መስታወት ላይ አሞኒያ ያለው ማጽጃ አይጠቀሙ፤ ፕላስቲኩን ያበላሻል።

በረኪናን ከአሞኒያ ወይም ከአቼቶ ጋር በፍጹም አይቀላቅሉ፤ ሳንባ የሚጎዳ መርዛም ጋዝ ይወጣል።

አልኮልና ቫስቤንዚነ ተቀጣጣይ ናቸው፤ ሲጋራ አጠገባቸው አይለኮስ። የተረፈውን ቫስቤንዚነ ቦይ ውስጥ አይድፉ፤ ማዘጋጃ ቤቱ ኬሚካል ወደሚቀበልበት ቦታ ይውሰዱት።

ሻጩን መጠየቅ መቼ ነው?

መኪናውን ሲረከቡ ፓራብሬዛውን ፀሐይ ወይም መብራት ፊት ለፊት አድርገው ይመልከቱ። ሙጫ፣ ጭረት ወይም በመስታወቱ ንብርብሮች መካከል የገባ ጉም የመሰለ ነገር ካዩ ምንም ሳይነኩ ፎቶ አንሥተው በጽሑፍ ያመልክቱ። በመካከል የገባው በምንም ማጽጃ አይለቅም፤ የፋብሪካ ጉድለት ነው። ራስዎ ከፈገፈጉት በኋላ ግን ጭረቱ የማን እንደሆነ ማስረዳት ይቸግራል።

እዚህ ላይ ብዙ ወገኖች የሚሳሳቱበት ነገር አለ። መኪናውን በድርጅትዎ ስም ከገዙ በሕግ ፊት ሸማች ሳይሆኑ ነጋዴ ነዎት፤ ለሸማች የተሰጠው ልዩ ጥበቃ አይሸፍንዎትም። ጉድለት ሲያዩ ሳይዘገዩ ማመልከት አለብዎት። በአፍ የተነገረ ይረሳል፤ በኢሜይል የተጻፈ ይቆያል።

ሒሳቡስ?

አሁን ወደ እኔ ሙያ መጣን። አልኮሉ፣ ጨርቁ፣ መፋቂያውና ቫስቤንዚነው አንድ ላይ 24.20 ዩሮ ፈጀብዎት እንበል። ከዚህ ውስጥ 4.20 ዩሮው 21 በመቶ ቤቴዌ ነው። መኪናው የድርጅቱ ንብረት ከሆነ ቤቴዌውን በሦስት ወሩ መግለጫ መልሰው ይጠይቃሉ፤ 20 ዩሮውም የዓመቱ ወጪ ይሆናል። ከተሳፋሪ የሚሰበስቡት ቤቴዌ 9 በመቶ፣ በግዢ ላይ የሚከፍሉት ግን 21 በመቶ መሆኑን አይዘንጉ፤ እያንዳንዷ ደረሰኝ ዋጋ አላት። በአነስተኛ ነጋዴዎች ደንብ (ካ ኦ ኤር) ከቤቴዌ ነፃ የሆነ ሰው ግን ቤቴዌውን መልሶ መጠየቅ አይችልም።

መኪናው የግልዎ ሆኖ ለሥራ ሲጠቀሙበት በኪሎ ሜትር የሚያስቡ ከሆነ፣ በ2024 እና በ2025 ተመኑ 0.23 ዩሮ ነበር፤ ጽዳቱ እዚያው ውስጥ ስለተካተተ ለብቻው አይቀነስም።

ሻጩ መኪናውን ሲያስረክብ «የመስታወት መከላከያ ቅብ» ብሎ 363 ዩሮ ቢያስከፍልዎት ነገሩ ሌላ ነው። ከመኪናው ጋር በአንድ ደረሰኝ የተገዛ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ የመኪናው ዋጋ አካል ይሆናል። 300 ዩሮው በእርጅና ተቀናሽ በዓመት ቢበዛ 20 በመቶ፣ ማለትም 60 ዩሮ ብቻ እየተቀነሰ ይሄዳል። ቅቡ መጥፎ ነው አልልም፤ ነገር ግን ከውስጥ የሚመጣውን ቅባት አይከላከልም። ሲገዙት ይህን አውቀው ይግዙ።

ፓራብሬዛው ከተጎዳ ውልዎን ያንብቡ። ብዙ ኢንሹራንሶች ትንሿን ቀዳዳ ሲያስጠግኑ ከኪስዎ አያስከፍሉም፤ ሲያስቀይሩ ግን የራስ ድርሻ አለ። ቤቴዌ የሚመልስ ነጋዴ ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሚከፈለው ከቤቴዌ በፊት ያለው ነው። ታክሲ ከመጀመሪያው ዓመት ጀምሮ በየዓመቱ የአፔካ ምርመራ ስላለበት በሾፌሩ ዕይታ ፊት ያለ ጉዳት ተደብቆ አይቆይም።

ደረሰኞቹን ለ7 ዓመት የማቆየት ግዴታ አለብዎት። እባክዎን ዳሽቦርድ ላይ አይከምሯቸው። ያ ወረቀት በሙቀት የሚታተም ስለሆነ ፀሐይ ስታገኘው ጽሑፉ ይጠፋል፤ ነጭ ወረቀት ይዞ የመጣ ሰው ደግሞ የሚቀነስለት ነገር የለም። ዕለቱን በስልክዎ ፎቶ አንሥተው ያስቀምጡ።

ለባለ ሱቆች አንድ ቃል

የሱቅዎ መስታወትም ከዚህ ወገን ነው። የቀድሞው ተከራይ የለጠፈው ፊደል ሙጫ በፀጉር ማድረቂያ፣ በዘይትና በምላጭ፣ ከወጥ ቤት የሚወጣው የቅባት እንፋሎት ደግሞ በስፒሪተስና በብዙ ጨርቅ ይነሣል። ምላጭ ከማንሣትዎ በፊት ግን መስታወቱ ላይ የፀሐይ ወይም የሌባ መከላከያ ፕላስቲክ መለጠፉን ያረጋግጡ። ብዙ ጊዜ የባለቤቱ ንብረት ነው፤ ከበጠሱት ከመያዣ ገንዘብዎ ይቆረጣል።

እንግዲህ መጀመሪያ ይለዩ፣ ቀጥሎ በለስላሳው ይሞክሩ፣ ጠንከር ያለውን ለመጨረሻ ያቆዩ። ካልሆነልዎት ባለሙያ ጋ ይውሰዱት፤ ደረሰኙም ይቀነሳል።

እኒያ መነጽር የጠየቁኝ ጋሼ በሚቀጥለው ሦስት ወር ፌስታላቸውን ይዘው ተመለሱ። ከደረሰኞቹ መካከል የአልኮልና የጨርቅ ነበረች። «ይህችስ ትቀነሳለች?» አሉኝ። «ይህችማ ትቀነሳለች፣ ጋሼ» አልኳቸው። ያቺ ልጅ በብስክሌቷ በሚያልፉበት መንገድ አሁንም እንደምትሄድ፣ ከሩቅም እንደሚያይዋት ነገሩኝ።

በሚቀጥለው እትም ወደ ቤቴዌያችን እንመለሳለን። እስከዚያው ጥያቄ ያለዎት ለዝግጅት ክፍሉ ይጻፉልን። መንገዱን ብሩህ ያድርግልዎ፤ ቸር ይግጠመን።